አፍንጫ የማይደርሰው የአፍንጫ መድኃኒት

አክስቴ ከአሜሪካ በመጣች ቁጥር የሻንጣዋ አንድ ጥግ የመድኃኒት ነው። ቫይታሚን፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የጉልበት ቅባት፣ ከዚያ የጉንፋን ኪኒን። የጉንፋኑ ሁልጊዜም ይበዛል። ለጎረቤት ይታደላል፣ ለዘመድ ይደርሳል፣ የተረፈው ቡፌ ውስጥ ይቀመጣል። አምና ክረምት መግቢያ ላይ አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ እንቅልፍ ሲነሳኝ ከቡፌው አንድ ፓኬት አወጣሁ። ከመዋጤ በፊት ጀርባውን አነበብኩት። በደቃቅ ፊደል «ፌኒሌፍሪን 10 ሚሊግራም» ይላል። እሷ ጋ ቀን መሆኑን አስልቼ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ይሄ ያመጣሽልን ኪኒን እኮ አፍንጫ አይከፍትም ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«የእናንተው መንግሥት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች።»

«ውይ! ታዲያ ለምን ይሸጥልኛል?»

ስልኩን ዘግቼ ጥያቄዋ አልለቀኝ አለ። አንድ መድኃኒት እንደማይሠራ ከታወቀ በኋላ እንዴት መደርደሪያ ላይ ይቆያል? ነገሩን ስከተል ስለ አፍንጫ ልማር ብዬ ስለ ሕግ፣ ስለ ዕፅና ስለ ገበያ ተምሬ ተመለስኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው የገነነው በሴፕቴምበር 2023 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ ከውጭ ያሉ አማካሪ ባለሙያዎችን ለሁለት ቀን ሰበሰበ። ጥያቄው አጭር ነበር። በአፍ የሚዋጥ ፌኒሌፍሪን በታዘዘው መጠን ቢወሰድ የታፈነ አፍንጫ እንደሚከፍት ማስረጃ አለ ወይ? 16 ሰዎች ድምፅ ሰጡ። 16ቱም የለም አሉ። ዕለቱ ሴፕቴምበር 12 ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ2016 እንቁጣጣሽ። እኛ ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና ስናፈላ እነሱ አንድ ሙሉ የመድኃኒት መደርደሪያ ባዶ መሆኑን እየመሰከሩ ነበር ማለት ነው።

መደርደሪያው ደግሞ ትንሽ አይደለም። በ2022 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ፌኒሌፍሪን ያለበት ምርት 242 ሚሊዮን ገደማ ፓኬትና ጠርሙስ ተሸጧል። ገንዘቡ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በዋሽንግተኑ ዱልስ አየር ማረፊያ በኩል ወደ ቦሌ እንደመጣ የሚያውቀው የእናቶቻችን ቡፌ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አፍንጫው እንግባ። የታፈነ አፍንጫ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ንፍጥ ነው። ቧንቧ በቆሻሻ እንደሚደፈነው። ስለዚህ እንናፈጣለን። ደግመን እንናፈጣለን። አፍንጫችን ይቀላል፣ ጆሯችን ይጮኻል፣ መተንፈሻው ግን ያው ነው። ዋናው ዘጊ ንፍጡ አይደለማ! ግድግዳው ነው። አፍንጫ ውስጥ ግራና ቀኝ በቀጭን አጥንት ላይ የተጠቀለሉ ለስላሳ ሥጋዎች አሉ። በደም ሥር የተሞሉ ናቸው። የምንስበውን አየር የሚያሞቁትና የሚያረጥቡት እነሱ ናቸው። ጉንፋን ወይም አለርጂ ሲመጣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ሥጋው ያብጣል፣ መንገዱ ይጠባል። ስንጋደም ደግሞ ደሙ ወደ ላይኛው አካል ስለሚበዛ ይብስበታል። ቀን ደህና ውሎ ማታ ትራስ ሲነካ የሚታፈን አፍንጫ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ጤነኛ አፍንጫም ቢሆን ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል አይከፈቱም። በየተወሰነ ሰዓት ተራ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይሰፋል። በደህናው ቀን አናስተውለውም። ጉንፋን ሲጨመርበት ግን «አሁን ግራው ነበር፣ ደግሞ ቀኙ ዞረ» እንላለን።

ስለዚህ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ሥራው ንፍጥ ማድረቅ አይደለም። ያበጡትን የደም ሥሮች ማጥበብ ነው። ለዚህ ሥራ የተመሰከረለት ጥንታዊ ተክል ኤፌድራ ነው። ቻይናውያን ማ ኋንግ ብለው ከጥንት ጀምሮ ሲቀምሙት ኖረዋል። ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ ናጋዮሺ በ1885 ከተክሉ ውስጥ ኤፌድሪንን ለየ። ሱዶኤፌድሪን የሚባለው የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። ተውጦ ወደ ደም ይገባል፣ አፍንጫ ድረስ ይደርሳል፣ ሥራውን ይሠራል። ለአሥርተ ዓመታት ሱዳፌድ በሚል ስም የታወቀው እሱ ነበር።

ችግሩ ሱዶኤፌድሪን ሌላም ነገር ይሆናል። በጓዳ ኬሚስቶች እጅ ሲገባ ሜታምፌታሚን የሚባለው አደገኛ ሱስ አስያዥ ዕፅ ይሠራበታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ገጠር ይህ ነገር እሳት ሆነ። ሰዎች ከየፋርማሲው የጉንፋን ኪኒን በካርቶን እየገዙ ቤታቸው ውስጥ ዕፅ ያበስሉ ጀመር። መንግሥት በ2006 ሕግ አወጣ። ሱዶኤፌድሪን ከክፍት መደርደሪያ ተነስቶ ከፋርማሲስቱ ጀርባ ገባ። የሐኪም ማዘዣ አያስፈልገውም፤ መታወቂያ ግን ይጠየቃል፣ ስም ይመዘገባል። በአንድ ቀን ከ3.6 ግራም፣ በ30 ቀን ከ9 ግራም በላይ መግዛት አይቻልም። ኦሬጎን የሚባለው ክፍለ ግዛት እንዲያውም የሐኪም ማዘዣ አስገድዶ ነበር። ያንን ያነሳው በ2022 ነው።

ኩባንያዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? መደርደሪያው ባዶ እንዲሆን አልፈለጉም። ሰው ጉንፋን ይዞት ሱፐርማርኬት ሲገባ ተሰልፎ መታወቂያ ማሳየት አይፈልግም፤ እጁን ዘርግቶ ማንሳት ነው የሚፈልገው። ፌኒሌፍሪን ደግሞ በእጅ ላይ ነበር። ኤፍዲኤ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ1976 አይቶት ደህና ነው ብሎት ነበር። የመጨረሻው ደንብም በ1994 ወጥቶለታል። ዕፅ አይሠራበትም። ሌባ የማይፈልገው ዕቃ ሆነና መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሱዳፌድ ሱዳፌድ ፒኢ ሆነ። ሁለት ፊደል ብቻ ተጨመረ፤ ውስጡ ግን ሌላ መድኃኒት ነው። ዴይኪዊል፣ ከቴራፍሉ ዓይነቶች ብዙዎቹ፣ የታይለኖል የጉንፋን ኪኒኖች፣ ሁሉም በየፓኬታቸው እሱን ይዘው ቀረቡ።

አንድ ነገር በፍትሕ እንናገር። ፌኒሌፍሪን በራሱ ባዶ ዱቄት አይደለም፤ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የወረደ የደም ግፊት ለማንሳት በደም ሥር ይሰጣል። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ያንጠባጥበዋል። አፍንጫ ውስጥ ቢረጭም ይሠራል። የሚሸነፈው ሲዋጥ ነው። የአንጀት ግድግዳና ጉበት ገና ሲገባ ይይዙትና ይሰባብሩታል። ድሮ 38 በመቶው ወደ ደም ያልፋል ይባል ነበር። በኋላ የተሻለ መለኪያ ሲመጣ ሳይለወጥ የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች መሆኑ ታየ። የዋጥነው ኪኒን አፍንጫ ድረስ ሊሄድ ተነስቶ አንጀት ላይ ይቀራል።

ይህ የ2023 ግኝት እንዳይመስላችሁ። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የፋርማሲ ምሁራን፣ ሌስሊ ሄንደሊስና ራንዲ ሃተን፣ በ2007 ለኤፍዲኤ አቤቱታ አስገቡ። ያኔ ይውጣ አላሉም። 10 ሚሊግራሙ አይበቃም፣ መጠኑ እንደገና ይፈተሽ ነው ያሉት። በዚያው ዓመት አማካሪዎች ተሰብስበው ከ12ቱ 11ዱ ማስረጃው መድኃኒቱን ይደግፋል አሉ፤ ተጨማሪ ጥናት ይደረግም ተባለ። ጉዳዩ ተዳፈነ።

ጥናቶቹ ግን መጡ። በ2009 ቪየና ውስጥ 39 የሣር አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የአበባ ብናኝ በተነፋበት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አንዳንዴ ሱዶኤፌድሪን፣ አንዳንዴ ፌኒሌፍሪን፣ አንዳንዴ ምንም የሌለው አምሳያ ኪኒን ተሰጣቸው። ሱዶኤፌድሪኑ አፍንጫቸውን ከፈተ። ፌኒሌፍሪኑ ከአምሳያው አልተለየም። በ2015 ደግሞ በ539 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። መጠኑን ከ10 ወደ 20፣ ወደ 30፣ ወደ 40 ሚሊግራም ከፍ አደረጉት። አሁንም ከአምሳያው አልተሻለም። ስለዚህ ሁለቱ ምሁራን በዚያው ዓመት ሁለተኛ አቤቱታ ጻፉ። በዚህኛው ይውጣ አሉ።

የኤፍዲኤ ሠራተኞች የድሮዎቹን ጥናቶች ከመዝገብ አውጥተው ሲያዩ ሌላ ጉድ ወጣ። ያኔ ጥሩ ውጤት ካሳዩት ብዙዎቹ ከአንድ ላብራቶሪ የመጡ ነበሩ። ሌሎች ቦታዎች የተደረጉት ያንን ውጤት መድገም አልቻሉም። የተለካበት ዘዴም ዛሬ ማንም የማይቀበለው ነው። ማለትም ቤቱ ሲሠራ መሠረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ አንድ ነበር፤ እሱም ይነቃነቃል።

ታዲያ ሰው ለምን «ይሻለኛል» ይላል? ብዙዎቹ ኪኒኖች ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ራስ ምታቱን ያስታግሳል፣ ትኩሳቱን ያወርዳል። አንዳንዱ ውስጥ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት አለ። ጉንፋኑም ራሱ በሦስተኛው አራተኛው ቀን መብረድ ይጀምራል። ኪኒኑን የምንውጠው ደግሞ ብሶብን ጣሪያ በነካበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ኪኒኑ ነው።

አሁን የአክስቴን ጥያቄ ልመልስ። የ16ቱ ሰዎች ድምፅ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ፈቃድ አይወስዱም። የተፈቀዱ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ ነገር ተጠቅሞ ማንም ፋብሪካ መሥራት ይችላል። ከዝርዝሩ ለማውጣት ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ሐሳብ ይቀርባል፣ ሕዝብና ኩባንያ አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ የመጨረሻ ትእዛዝ ይወጣል። ኤፍዲኤ ሐሳቡን ያቀረበው በኖቬምበር 2024 ነው። ከድምፁ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ሐሳብ ብቻ ስለሆነ ሽያጩ አልቆመም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዳለው ጭንቀቱ ጉዳት ማድረሱ ሳይሆን አለመሥራቱ ነው። ሲቪኤስ የተባለው ትልቅ የፋርማሲ ሰንሰለት ግን ትእዛዝ አልጠበቀም። በኦክቶበር 2023 ፌኒሌፍሪን ብቻ ያላቸውን ኪኒኖች ከመደርደሪያው አነሳ።

«ጉዳት የለውም» የሚለው አነጋገር ለእኔ ሙሉ አይደለም። የማይሠራ ነገር መግዛት ራሱ ጉዳት ነው። በተለይ ለእኛ፣ ኪኒን በፍሬ ለምንገዛ ሰዎች።

የሚሠራውስ? ሱዶኤፌድሪን ይሠራል፤ ግን ጨዋ አይደለም። የአፍንጫን ደም ሥር ብቻ መርጦ አያጠብም። የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፕሮስቴት ያበጠባቸውን አባቶች ሽንት ያስቸግራል። አውሮፓ ውስጥ ክርክሩ በዚህ በኩል ነው የሄደው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2023 ምርመራ ከፈተ፤ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ችግር ስለታየ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከባድ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበትና ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው እንዳይወስደው ተባለ። ፈረንሳይ ባሰች። በዲሴምበር 2024 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አደረገች። እንግዲህ አስቡት፤ በአትላንቲክ አንድ ወገን የማይሠራው ክፍት መደርደሪያ ላይ ይሸጣል፣ በሌላው ወገን የሚሠራው ቁልፍ ውስጥ ይገባል።

እኛ ጋ ስንመጣ ፌኒሌፍሪን በሻንጣ ብቻ አይደለም የሚገባው። ፋርማሲ ሄዳችሁ «የጉንፋን» ስትሉ ከሚሰጣችሁ ቅልቅል ኪኒኖች የስንቱን ጀርባ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ፓራሲታሞል፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ፌኒሌፍሪን፤ እነዚህ ሦስቱ አብረው መሄድ ይወዳሉ። ፓራሲታሞሉ ይሠራል። የአለርጂ መድኃኒቱ ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል፣ የሚንጠባጠብ አፍንጫን ትንሽ ያደርቃል፣ ለታፈነው ብዙም አይረዳም። ሦስተኛው ተሳፋሪ ነው፤ ሒሳብ ግን ከፍለንለታል።

ተሳፋሪውን ብንተወው እንኳ ሹፌሩ ፓራሲታሞል አደጋ አለው። ብዙ ሰው ጠዋት የጉንፋን ቅልቅል ይውጥና ከሰዓት ራሱን ሲያመው ፓናዶል ይጨምራል። ማታ ደግሞ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠውን ይጠጣል። ሦስቱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ከ8 ፍሬ በላይ መሄድ ጉበትን ይጎዳል። መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው ከዚያም ያነሰው ያሰጋል። ስም ስሙ ሲለያይ ያታልላል እንጂ የሚደመረው አንድ ነገር ነው።

የልጆቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የብዙ መድኃኒቶቻችን መነሻ የሆነችው ሕንድ በዲሴምበር 2023 አንድ ትእዛዝ አውጥታለች። ክሎርፌኒራሚንና ፌኒሌፍሪን የተቀላቀሉበት መድኃኒት ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ፣ ማሳሰቢያውም ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘች። በአሜሪካም አምራቾች ከ2008 ጀምሮ ያለ ማዘዣ በሚሸጡት የጉንፋን መድኃኒቶች ላይ ከ4 ዓመት በታች አይሰጥም ብለው ይጽፋሉ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽሮፕ ካለ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት። ጨቅላ ልጅ በአብዛኛው በአፍንጫው ስለሚተነፍስ ሲታፈን ጡት መጥባት ያቅተዋል። ለእሱ የሚሻለው ከመጥባቱ በፊት በየአፍንጫው ሁለት ሦስት ጠብታ ንጹሕ የጨው ውኃ አድርጎ በቀስታ መምጠጥ ነው። ሲተነፍስ ጎኑ የሚሰረጎድ ወይም መጥባት ያቆመ ከሆነ ግን ነገ አይባልም፤ ሐኪም ቤት ነው። ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ አንድ ወገኑ ብቻ ታፍኖ የሚሸት ንፍጥ ከወጣው ጉንፋን አትበሉት። ሽምብራ ጎስጉሶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚሠሩት እንምጣ። ፈጣኖቹ የአፍንጫ ስፕሬይና ጠብታ ናቸው። ኦክሲሜታዞሊን፣ ዛይሎሜታዞሊን የሚባሉት። ኦትሪቪን የምታውቁት ከኋለኛው ወገን ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታሉ፣ ለሰዓታት ይቆያሉ። አንጀት ውስጥ ስለማይዞሩ የሚሰባብራቸው የለም። የመጀመሪያው ሌሊት ተአምር ይመስላል።

አጎቴም ተአምር ብሎት ነበር። አንድ ፋርማሲ ገብቶ አፍንጫዬ ታፈነ አለ፣ ጠብታ ሰጡት፣ ማንም ስንት ቀን እንደሚጠቀም አልነገረውም። ከዚያ ወዲያ ጠብታው የኮት ኪሱ ውስጥ ከመነጽሩ ጎን ቋሚ ነዋሪ ሆነ። ለቅሶ ቤት ሲሄድ፣ ዕድር ሲሰበሰብ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ጠብ ያደርጋል። መጀመሪያ በቀን ሁለቴ ነበር። ከዓመት በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ሆነ። «ሳይነሴ ከፋ» ይል ነበር።

ሳይነስ አልነበረም። ጠብታው ራሱ ነበር። የአፍንጫ ደም ሥሮች በየቀኑ በመድኃኒት ሲጨመቁ በራሳቸው መጥበብ ይሰንፋሉ። መድኃኒቱ ሲያልቅባቸው ከበፊቱ የባሰ ያብጣሉ። ሰውየው ይጨምራል፣ እነሱም ይብሳሉ። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ ከ3 ቀን አትለፉ የሚል የተጻፈው። አንዳንዱ እስከ 5፣ እስከ 7 ቀን ይፈቅዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወጥመድ ነው። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ታጥፎ ስለሚቀር ደግሞ ማንም አያነበውም። ፋርማሲስት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገር የሚፈቀድለት ቢሆን ያ ዓረፍተ ነገር «ከሦስት ቀን በላይ እንዳትጠቀም» ይሁን እላለሁ።

አጎቴን ያወጣው የአንገት በላይ ሐኪም ነው። መጀመሪያ በአንድ ወገን ብቻ አቁም አለው። ቀኙ ሲታፈን ግራው ይተነፍስልሃል። ያኛው ሲከፈት ደግሞ ሌላውን ታቆማለህ። እስከዚያው በስቴሮይድ የተሠራ ስፕሬይ አዘዘለት። ሁለት ሳምንት ገደማ ተሰቃየ፣ ተሳደበ፣ ተላቀቀ።

ስቴሮይድ ሲባል የምትደነግጡ አላችሁ። ፍሉቲካሶንና ሞሜታሶን የሚባሉት የአፍንጫ ስፕሬዮች መጠናቸው ትንሽ ነው፣ ሥራቸውም በአብዛኛው እዚያው አፍንጫ ላይ ነው። አለርጂ ላለበት፣ አቧራና ብናኝ ለሚያፍነው ሰው ከሁሉ የተሻሉት እነሱ ናቸው። ጠባያቸው ግን ዝግተኛ ነው። ዛሬ ረጭቶ ዛሬ የሚፈልግ ሰው ይበሳጭባቸዋል። ቀናት ይፈጃሉ፤ ሙሉ ውጤታቸው እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አረጫጨቱም ይወስናል። አፍንጫን ለሁለት ወደሚከፍለው መሐል ግድግዳ ካነጣጠራችሁት ይደማል። በቀኝ እጅ ግራውን፣ በግራ እጅ ቀኙን፣ ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ።

ባሕር ዛፉንስ? በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበቤ የሆነው ይህ ዛፍ ጉንፋን በመጣ ቁጥር ድስት ውስጥ ይገባል። ቪክስም ዘመዱ ነው። ሁለቱም ሽታቸው ሲገባ አፍንጫ የተከፈተ ይመስላል። «ይመስላል» ያልኩት አስቤበት ነው። ቪክስ ውስጥ ያለው ሜንቶል አፍንጫ ውስጥ ቅዝቃዜን የሚያውቁ ነርቮችን ይነካል። አንጎል ቀዝቃዛ አየር እየገባ ነው ብሎ ያምናል። በእንግሊዟ ጎረቤት ዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ፣ ሮን ኤክልስ የተባለው ተመራማሪ የሚገባውን አየር በመሣሪያ ሲለካ ስሜቱ ተለውጦ አየሩ ያው ሆኖ አገኘው። ለእንቅልፍ ስሜቱም ይበቃል ካላችሁ አልከራከርም፤ እኔም እቀባዋለሁ። ካምፎር ስላለበት ግን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም። እንፋሎቱን በተመለከተ የምፈራው አንድ ነገር ነው። የፈላ ድስት ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ልጅ አቅፎ መታጠን። ድስቱ ሲገለበጥ የሚመጣው ቃጠሎ ከጉንፋን ጋር አይወዳደርም።

ርካሹና ማንም ሊጣላው የማይችለው የጨው ውኃ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ጎደል ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ደም ሥር አያጠብም፣ ግን ንፍጡን ያቀጥናል፣ አቧራውንና ብናኙን ያጥባል። ለበጋው ደረቅ አየር፣ ለከሰል ጭስ፣ ለአዲስ አበባ የግንባታ አቧራ የተሠራ ይመስላል። ሱስ የለውም፣ ከደም ግፊት ኪኒን ጋር አይጣላም፣ ነፍሰ ጡርም ትጠቀመዋለች። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ውኃው መፍላት አለበት። ሉዊዚያና ውስጥ በ2011 ሁለት ሰዎች ባልፈላ የቧንቧ ውኃ አፍንጫቸውን አጥበው ወደ አንጎል በሚገባ አሜባ ሞተዋል። ብርቅ ነው። ግን ምድጃ ለመለኮስ ይበቃል።

አክስቴ ዘንድሮም መጣች። ቦሌ ስቀበላት ገና ሳንሳሳም «አንተ ነህ ያዋረድከኝ» አለች። ባለፈው ካወራን በኋላ ሰፈሯ ያለ ፋርማሲ ሄዳ የሚሠራውን ስጡኝ ብላለች። መታወቂያ ጠየቋት። «ጉንፋን ያዘኝ አልኩ እንጂ ባንክ ልዘርፍ መጣሁ አልኩ?» ብላ አምጥታ ሰጠች። ፋርማሲስቷ ደግሞ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀቻት። የደም ግፊት ስትል አልሸጥልሽም አለቻት።

ሻንጣው ሲከፈት የመድኃኒቱ ጥግ ቀሎ ነበር። በጉንፋን ኪኒኑ ቦታ ስድስት ባዶ የላስቲክ ጠርሙሶች፣ አፍንጫ ማጠቢያ። «ጨዉ ከእናንተ» አለች። ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ መነጽሯን አደረገችና ውኃውን አንድ ደቂቃ ማፍላት እንደሚበቃ አነበበችልን።

«እዚህ ሦስት ነው እትዬ» አልኳት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ለሚኖር ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

«ለናንተማ ሁሉ ነገር ይከብዳል» አለችና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። በስድስቱም ወረቀት ላይ አንዱን ሰርዛ ሦስት ጻፈችበት።